ኃጢአቱና ጥሙ

ቅዳሜ ሰንበታችን ነው። ምግቡ ዓርብ ይሠራል፣ ጫማው ዓርብ ይወለወላል፤ በማግስቱ እማዬ ቦሲቦሪ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከፊት፣ እኔና ወንድሜ ኦጌቶ ከኋላ ሆነን የከተማችንን የኪሲን ዳገት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንወጣለን። ስለ መጠጥ በቤታችን የሚነገረው ኃጢአት ነው የሚል ብቻ ነበር። ለምን ብሎ የጠየቀ ኦጌቶ ነው፤ መልሱ ኩርኩም ሆነ።

እኔን ያ አስተዳደግ ጠበቀኝ። የመጠጥ ጣዕም እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱን ግን ለሥራ ናይሮቢ በሄደ በዓመቱ የመጀመሪያዋ ቢራ ይዛው ነጎደች። «አንዴ ከረከስኩ ወዲያ ምን ቀረኝ?» ይለኝ ነበር። ከቢራ ወደ አረቄ፣ በአረቄው ላይ ሐሺሽ። ሥራውን አጥቶ አገር ቤት ሲመለስ ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ወላጆቿ ጋ ገብታ ነበር።

አንድ ሰንበት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ኦጌቶ ከአባልነት መሰረዙን በጉባኤ ፊት ተናገሩ። እማዬ ተነስታ ወጣች። ወደ ቤት የምትሄድ መስሎኝ ተከተልኳት። እሷ ግን ቁልቁል ወርዳ አረቄ አውጪዋ ኛንቻማ ግቢ ገባች። ጠጪዎቹ ነጩን ቀሚስ ሲያዩ ኩባያቸውን እግራቸው ሥር ሸጎጡ። አንዱ ዛሬ ስብከቱ እዚህ ነው ብሎ አሾፈ። ኦጌቶ ብቻ አልደበቀም።

አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ኩባያውን ከእጁ ወስዳ አሸተተች።

«ውሃ በዝቶበታል» አለች። «እናቴ ብትሆን አትሸጠውም ነበር።»

እኔም የሰማሁት ያን ቀን ነው። አያታችን አረቄ አውጪ ኖራለች። እማዬ የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ቀማሽ ሆና፣ ትምህርት ቤት ስትገባ ሳትጎነጭ እጇ እርሳስ አይዝም ነበር። ወስደው ያሳደጓት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ናቸው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት ኦጌቶ።

«አፍሬ ነዋ። ኃጢአት ነው ብሎ መገላገል ይቀላል።»

«እኔ እኮ ኃጢአቱን እንጂ ጥሙን የምታውቂው አይመስለኝም ነበር።»

«አሁን ሳሸተው እንኳ ጠምቶኛል» አለችው። «ተነስ ልጄ፣ ውሰደኝ። እዚህ ብዙ መቀመጥ አልችልም።»

ለራሱ ቢሆን ኖሮ አይነሳም ነበር። ለእሷ ብሎ ተነሳ። ክንዷን ደግፎ ዳገቱን ሲያወጣት እኔ ከኋላ ሆኜ አለቀስኩ።

አረቄው በአንድ ጀምበር አልለቀቀውም። ላብና መንቀጥቀጥ ሲይዘው እማዬ አጥሚት እያጠጣች ሰነበተች፤ ጸልይ ብላ አላስጨነቀችውም። ለገና ወደቀ፣ እንደገና ተነሳ። ሐሺሹን ግን እግዜር ያበቀለው ቅጠል ነው እያለ ብዙ ተከራከራት። «ሳማንስ ማን አበቀለው?» ትለዋለች፤ ይስቃሉ። ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ስትመለስ እሱንም ተወ።

ዛሬ የሻይ ቅጠል መኪና ይነዳል። ቤተ ክርስቲያን አልፎ አልፎ ይመጣል፤ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስብከቱ ሲጀመር ሹልክ ይላል። እማዬ አንድም ቀን አልወቀሰችውም። ባለፈው ሰንበት እስከ መጨረሻው ቆየ። «ልጄ ጭኔ ላይ ተኝታብኝ ነው» አለ።