ያልተጠራው ተናጋሪ

«ይሄኛውን እንኳን ከግብዣ ብትተዉት ይሻለዋል፤ ሰው ሲበዛበት ይጠፋል» ያለችው እናቱ ትሁን አክስቱ፣ ስቱሬ እስከ ዛሬ ድረስ አያውቀውም። የሰማው ልጅ ሳለ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ የተኛ መስሎ ነው፤ ድምፁ የመጣው ከሳህን መንኳኳት ጋር ነበር። ሌላዋ ሴት መልሳለች፤ ምን ብላ እንደመለሰች ግን ጠፍቶበታል። «ምስኪን» ብላ ይሆናል፤ «ያንን ጭልፋ አቀብዪኝ» ብላም ይሆናል። እሱ የያዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በልኩ እንደተሰፋ ልብስ ለብሶት አደገ፤ ስድሳውን ካለፈ በኋላም አላወለቀውም። ሥራውም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። በብርድ ወራት በረዶ የሚጠርግ ትልቅ መኪና እየነዳ በስዊድን የቬርምላንድ አውራጃን መንገዶች ይከፍታል። በረዶ ደግሞ ንግግር አድርግልኝ አይልም።

አሁን ግን የስዊድንን ድንበር ተሻግሮ፣ በገዛ መኪናው ብቻውን፣ የኖርዌይን ሸለቆዎች እያቋረጠ ወደ ግብዣ ይነዳ ነበር። ያውም ወደ ሠርግ። ያውም ወደ እህቱ ሠርግ።

«የት ደረስክ?» አለችው እህቱ ጉኔል በስልክ።

«ኤልቬሩምን አልፌያለሁ።»

«መኪናህስ?»

«ደህና ናት» አለ። ቅሬታውን ግን መደበቅ አልቻለም።

«ስማኝ፣ ስቱሬ። አጋፋሪው ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚናገር የሚወስነው ዛሬ ማታ ነው። የምትናገር ከሆነ ቁርጡን ንገረኝ። ካልሆነ የሙሽራዬ የአርንፊን ወንድም በእኔ ወገን ሆኖ ይናገራል።»

«ያ ተጎታች ቤት የሚሸጠው?»

«እሱ ነዋ! ነገ በሠርጌ ላይ ስለ ተጎታች ቤት ጎማ ሲያወራ ይታየኛል። እሱስ ይሁን። የሙሽራዋ ወገን አፍ ያለው ሰው የለውም ሲባል ነው የማልችለው። እዚህ አገር አርባ ዓመት ኖሬ፣ ባል ቀብሬ፣ አሁን በስተርጅና ላገባ፣ ከእኔ ወገን አንድ ሰው ብድግ የማይል?»

«እኔ እመጣለሁ እኮ።»

«ትመጣለህ። በር አጠገብ ትቀመጣለህ። ካፖርትህን ሳታወልቅ ትበላለህ። የአክስታችን ልጅ ሠርግ ላይ እንዳደረግከው።»

«በርዶኝ ነበር።»

«ፀሐይ አናት የሚበሳበት ቀን ነበር! አይ ያንተ ነገር!» ብላ ዘጋችው።

ስቱሬ ውሸት አይወድም። «መኪናዬ ተበላሸች» ብሎ መቅረት ቀላል ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ስለዚህ ከድንበሩ ጀምሮ መኪናዋ የእውነት እንድትበላሽ ሲጸልይ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ትልቅ ነገር አይደለም የምለምንህ። አንድ ጎማ ብቻ።» ጉድጓድ ባየ ቁጥር ወደዚያው ይነዳል። አሮጌዋ ቮልቮ ግን እንደ ጭነት በቅሎ ዝቅ ብላ ከፍ ትልና መንገዷን ትቀጥላለች። አንድ ኩርባ ላይ ፈረስ የሚያህል አጋዘን መሀል መንገድ ቆሞ ሲያገኝ ጸሎቱ የተሰማ መሰለው፤ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። ኋላ ኋላ የእንጨት ጭነት መኪና ሹፌር ወርዶ መስኮቱን አንኳኳ።

«ምን ሆነህ ነው፣ ወንድሜ?»

«አጋዘኑ ይለፍ ብዬ ነው።»

«የቱ አጋዘን? አጋዘኑ አገሩ ገብቷል እኮ! ልጆቹን ሳይድር አይቀርም!»

ስቱሬ ሞተሩን አስነሳ።

ጉድብራንድስዳል ሲደርስ ራበው። ከዋናው መንገድ ዳር፣ ቀይ ጎተራ ያለው የገበሬ ግቢ አየ። ባንዲራ ተሰቅሏል፤ አጥሩ ላይ «ቡናና ኬክ ከጎተራው ጀርባ» የሚል ወረቀት ከነቀስቱ ተለጥፏል፤ መኪኖች ሣሩ ላይ ተደርድረዋል። ከጎተራው ጀርባ ደግሞ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ነጭ ጨርቅ ለብሰው፣ ጥልፍ የባህል ልብስ የለበሱ፣ ደረታቸው ላይ የብር ጌጥ የደረደሩ ሴቶች የቡና ማንቆርቆሪያ ይዘው ይመላለሳሉ።

‘ምን ዓይነት ቡና ቤት ነው! አስተናጋጆቻቸውን እንኳን እንዲህ ያስጌጣሉ’ አለ በልቡ። ‘ነዳጅ ያለው አገር!’

ጥግ ላይ ካለ ጠረጴዛ፣ ከአንዲት አሮጊትና ጆሯቸው ከማይሰማ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጠ።

«አንድ ቡና» አለ፣ የብር ጌጧ እየተንሿሿ ለመጣችው ሴት። «ካለ ደግሞ ትንሽ ኬክ።»

«ካለ ይለኛል እኮ!» ብላ ሳቀችና ኬክ በኬክ ላይ ደርባ አመጣችለት።

«ስንት ነው ሒሳቡ?»

«ወይ ስዊድኖች! ቀልዳችሁ አያልቅም» ብላ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

ምናልባት ሲወጡ ነው የሚከፈለው ብሎ ተወው። ግን ነፃ ነገር ስለማይዋጥለት፣ አንድ የገንዘብ ኖት ሲኒው ሥር አስቀመጠ። ሴትዮዋ ስትመለስ አየችው።

«ለቱቫ ነው? ኧረ ተባረክ!» ብላ በአበባ ወዳጌጠ ቅርጫት ወስዳ ጨመረችው።

‘ቱቫ ገንዘብ ያዧ መሆን አለባት’ ብሎ ስቱሬ ኬኩን ቀጠለ።

ስህተቱን የሚያርም አንድ ሰው ጠፋ። በዚያ አገር እየበላ ያለን እንግዳ «ለመሆኑ ማን ነህ?» ብሎ መጠየቅ ሳህኑን ከፊቱ ከማንሳት ይከፋል። የቤቱ እመቤት ዘመዶች የአባወራው ወገን ነው አሉ፤ የአባወራው ዘመዶች የእመቤቷ። ስቱሬም በበኩሉ ሌላው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አፈረ። እንዲህ ተከባብረው ሦስተኛው ሲኒ ላይ ደረሱ።

ከዚያ አንድ ቀይ ፊት ያለው ግዙፍ ሰው ብርጭቆ በማንኪያ መታ።

«ወዳጆቼ! ቱቫችን ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ፊት በእምነቷ ጸንታለች። እኔ አጎቷ ኦድቫር አጋፋሪ ነኝና ሕጉን ላስታውሳችሁ፤ ከየጠረጴዛው አንድ ሰው ይናገራል! ማምለጥ የለም!»

ስቱሬ ያነሣውን ቁራሽ ሳህኑ ላይ መለሰ። ነጭ አበባ ፀጉሯ ላይ የሰካች ልጅ ዋናው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ አየ። ቡና ቤት አይደለም። ድግስ ነው፤ ያውም ልጅቷ በሕፃንነቷ የተጠመቀችበትን እምነት በራሷ አፍ ያጸናችበት በዓል። ወንበሩን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ገፋ። አሮጊቷ ክንዱን ያዙት።

«ወዴት ነው፣ ልጄ? የእኛ ጠረጴዛ ተራ ደረሰ እኮ። እኔ ቦርግኒ ዓምና ተናግሬያለሁ። እሳቸው ደግሞ» አሉ ወደ ሽማግሌው እያመለከቱ፣ «ጦርነቱ ማለቁንም በቅርቡ ነው የሰሙት። አንተ ነህ የቀረኸው።»

«እማማ፣ እኔ መናገር አልችልም።»

«ዛሬ ጰራቅሊጦስ ነው። በዚህ ቀን ዓሣ አጥማጆች እንኳን ተናግረዋል። ተነሥ!»

ተነሣ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። መዋሸት እንደማይችል ያውቃል፤ ስለዚህ እውነት የሆነውን ብቻ ሊናገር ወሰነ።

«ስሜ ስቱሬ ነው። ቱቫን ካወቅኋት ብዙ ጊዜ አይሆነኝም።»

ሳቁ።

«እንዲያውም ገንዘብ ያዥ መስላኝ ነበር።»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ኦድቫር ጠረጴዛውን ደበደበ።

«እውነቴን ነው» አለ ስቱሬ ላቡን እየጠረገ። «ቡና ቤት መስሎኝ ነው የገባሁት። ይቅርታ አድርጉልኝ። ኬኩ ግን ጥሩ ነው።»

ሳቁ እየሳሳ ሄዶ ቆመ።

«ታዲያ የማን ዘመድ ነህ?» አለ ኦድቫር።

«የማንም።»

«ያንቺ ወገን ነው ብዬ እኮ!» አለ የልጅቷ አባት ወደ ሚስቱ ዞሮ። የብር ጌጧ የሚንሿሿው፣ አስተናጋጅ የመሰለችው እሷ ናት።

«እኔማ የአክስትህ ልጅ መስሎኝ፣ ያ እስር ቤት የነበረው! ለዚያ እኮ ነው ያልጠየቅሁት!»

ስቱሬ ባርኔጣውን አነሣ። ከዋናው ጠረጴዛ ግን ቱቫ ተናገረች።

«የጀመረ ይጨርሳል። አጎቴ ያወጣው ሕግ ነው። እኔ ዛሬ ቄሱ ፊት ቆሜ መልሼ የለ እንዴ? ይጨርሱ እንጂ!»

ስቱሬ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆየ። ከዚያ አፉ እንደምንም ተከፈተ።

«እኔ በረዶ ጠራጊ ነኝ። ስጠርግ በዚያ መንገድ ማን እንደሚያልፍ አላውቅም። ደግ ይለፍ ክፉ ይለፍ፣ መንገዱ ለሁሉም ነው። እናንተም ዛሬ ማን መሆኔን ሳታውቁ ጠርጋችሁ አስገባችሁኝ። እስር ቤት የነበረ መስሏችሁ እንኳን ኬክ ደረባችሁልኝ። ቱቫ፣ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ማደግ ትልቅ ነገር ነው። ሌላ የምለው የለኝም።» እንዴት እንደሚጨረስ ስለማያውቅ፣ በመኪናው ሬዲዮ ሁልጊዜ የሚላትን ጨመረ። «መንገዱ ተከፍቷል። በቃኝ።»

ብርጭቆዎች ተነሡ። የማይሰሙት ሽማግሌ ከሁሉም በላይ አጨበጨቡ። ቱቫ ከቅርጫቱ ኖቱን አውጥታ ልትመልስለት መጣች፤ እምቢ አለ። ቦርግኒ ደግሞ በመሐረብ የተቋጠረ ኬክ ኪሱ ውስጥ ከተቱበት።

«እኔ ከመጀመሪያው አውቄብህ ነበር» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሒሳብ የጠየቅክ ጊዜ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ፣ እማማ?»

«ብነግራቸው ያስወጡሃላ! ማን ሊናገርልን ነው?»

ወደ መኪናው ሲመለስ እየሳቀ መሆኑን ያወቀው በመስኮቱ መስታወት ፊቱን ሲያይ ነው። በሩን ከፍቶ ተቀመጠ፤ ሞተሩን ሳያስነሣ ስልኩን አወጣ። ጉኔል ከመጀመሪያው ጥሪ አነሣችው።

«መኪናህ ተበላሸች» አለችው። ድምፅዋ ለመርዶ እንደተዘጋጀ ሰው ነው።

«አልተበላሸችም። አጋፋሪሽን እኔንም ከተናጋሪዎቹ አስገባ በዪው።»



«ጠጥተህ ነው እንዴ የምትነዳው?»

«ቡና ነው የጠጣሁት። አጭር ነው የምናገረው፣ ጉኔል። እውነት እውነቱን ብቻ።»

«እውነቱን ብቻ?» ደነገጠች። «ሁሉንም አይደለም አይደል? አርንፊን ዕድሜዬን አምስት ቀንሶ ነው የሚያውቀው።»

«ዕድሜ አልጠራም።»

«ካፖርትህንስ?»

«አወልቃለሁ።»

ስትናፈጥ ሰማት። ታላቅ እህቱ ስታለቅስ ያየው አባታቸው የሞቱ ቀን ብቻ ነበር። ደግነቱ ጉኔል ሐዘኗን ቶሎ ወደ ሥራ የምትለውጥ ሴት ናት።

«እንግዲህ አፍህ ከተከፈተልኝ አንድ ነገር ልጨምር። ከአርንፊን ጋር ከጨፈርኩ በኋላ ሙሽራዋን ይዞ የሚዞረው አባት ነው። አባባ የለም። ያ ተጎታች ቤት ሻጭ ደግሞ እሱንም እኔ እያለ ነው።»

«ጉኔል፣ ንግግር አንድ ነገር ነው። ዳንስ ግን...»

«እግሬን ይረግጠኛል፣ ስቱሬ። መቶ ኪሎ ነው።»

«እኔም እረግጥሻለሁ።»

«አንተ ብትረግጠኝ ወንድሜ ነህ።»

ስቱሬ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት አየ። አንድ ቤተሰብ የመጣበትን መኪና ከሣሩ ላይ እያወጣ እጁን አውለበለበለት፤ እሱም አውለበለበ።

«አንድ ዙር» አለ። «በቀስታ ከሆነ።»