የአበዛሽ በሬና የሙላው ተራራ

ከመንደሩ ራስጌ ያለው ተራራ በ1988 ዓ.ም. ሲከለል ሐሳቡን ያመጣው ሙላው ነበር። ሽማግሌ አማልዶ፣ ከብት እንዳይገባበትና ምሳር እንዳያርፍበት አገሬውን አስማለ። ጥበቃውም ለእሱ ተሰጠ።

ሙላው ደን ሲባል ዛፍ ብቻ አይታየውም። ሽኮኮ ይጠለልበታል ብሎ የወደቀ ግንድ እንዳይነሣ ከለከለ፤ ቆቅና ጅግራ ይፈለፍሉበታል ብሎ ቁጥቋጦው እንዳይመነጠር አደረገ። ከገደሉ ሥር ያለችውን ምንጭ ቆፍሮ ለአውሬ መጠጫ ኩሬ አበጀ። ጎረቤቶቹ «ሙላው ለአውሬ ቤት ይሠራል» እያሉ ሣቁበት። ውሎ አድሮ ግን ወይራው አንሰራራ፤ በኩሬው ዳር የድኩላ ዱካ ታየ። ያን ቀን ታላቅ እህቱን አበዛሽን ወስዶ አሳያት። «እግዜር ይባርክልህ» አለችው።

በ1995 ዝናብ ቀረ። አበዛሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ በሬዋን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅታ የምታሳርስ ሴት ነበረች። በሬው መነሣት ሲያቅተው ወንድሟ ዘንድ መጣች።

«ለጥቂት ቀን አስገባልኝ፣ ሙላው። ቅጠል ይቀንጥስ።»

«እታለም፣ ያንቺ ከገባ የማንን እመልሳለሁ?»

«የእናትህ ልጅ በሬ እኮ ነው።»

«እሱ ነው የከፋው። ደኑን ለእህቱ ሲሆን ፈቀደ ይሉኛል።»

ፊቷን አዙራ ሄደች፤ ደግማ አልለመነችም። በሬው ተራራውን ከከለለው የድንጋይ ካብ ውጭ፣ ወደ ቅጠሉ እንዳንጋጠጠ ሞተ። ሙላው ቆዳውን ሊገፍላት ቢሄድ በሯን አልከፈተችለትም። መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጠች፤ ልጇ መክሊትም ትምህርቷን ትታ ዓረብ አገር ወረደች።

በ2000 ዓ.ም. ለመንገድ ሥራ ከተራራው ድንጋይ ተፈለገ። ሙላው በስብሰባው መካከል ተነሥቶ መሐላውን ቢያስታውሳቸውም፣ አብረውት የማሉት ሰዎች «ልጆቻችን የቀን ሥራ ያግኙበት» ብለው እጃቸውን አወጡ። ገደሉ በድማሚት ተናደ፤ ኩሬው ተደፈነ። ሽኮኮዎቹ በየማሳው ተበትነው ውሻ ፈጃቸው። የተረፈውን ወይራ ሰዉ አከሰለው።

ሙላው እግሩ ወደ አበዛሽ ቤት መራው። እደጇ ተቀምጣ ማሽላ ታበጥራለች።

«ተራራውን አፈረሱት፣ እታለም።»

«ሰምቻለሁ። ድማሚቱ ጣራዬን ያንቀጠቅጠዋል።»

«ይቅር በዪኝ።»

ሰፌዱን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «ተቀይሜህ ነበር፤ አልዋሽህም። ግን ጠዋት ስወጣ ያ ተራራ ለምልሞ ሳየው፣ በሬዬ ለዚህ ሞተ እል ነበር። እሱ ያጽናናኝ ነበር። አሁን ለምን ሞተ ልበል?»

እሷ ማሽላዋን ማበጠር ቀጠለች። እሱ ከግቢዋ ካብ ሥር ቁጭ እንዳለ ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ ግባ ያለው አልነበረም።