ከስልክ የወጣ መርዶ

ልጄ ተስፋነህ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ ያን ቀን ይፋግ ከተማ ወርዶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጎማ እየለጠፍኩ ሳለ አንድ ደንበኛ ስልኩን ዘረጋልኝ። ፌስቡክ ነው። የልጄ ፎቶ፣ ከጎኑ የበራ ሻማ፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር ወንድሜ» የሚል ጽሑፍ። የለጠፈውን ሰው አላውቀውም። ልጄ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው።

የሚስቴ ወንድም ምስጋና ጋ ደወልኩ። መምህር ነው፤ በሠርጉ ቀን እኔን አማቹን ከድንኳኑ ጥግ ከወጥ አማሳዮች ጎን ያስቀመጠኝ ሰው።

«ውሸት ነው አያ ባዩ! ፌስቡክን ማን ያምናል?» አለኝ ቶሎ ብሎ።

ቶሎ ማለቱ አስፈራኝ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሚያውቅ ሁሉ ይዋሻል። አባቴ የሞቱ ጊዜ ጎረቤቱ በሙሉ «ደህና ናቸው» እያለ እራት አብልቶኛል። ታዲያ ዛሬ «ውሸት ነው» የሚለኝን እንዴት ልመነው?

የሚጠላኝ ሰው ትዝ አለኝ። ይሻው፣ ባለወፍጮው። ከእድር ዳኝነት ያስነሣኝ እሱ ነው፤ ባየኝ ቁጥር ሳይሰድበኝ አያልፍም። ዛሬም ከሰደበኝ ልጄ አለ ማለት ነው። እሱ ለእኔ የሚራራ አንጀት የለውም።

ሄድኩ። ገና ሲያየኝ ዱቄቱን ከልብሱ እያራገፈ ከወንበሩ ተነሣ።

«ባዩ ወንድሜ፣ ና ተቀመጥ።»



«ይሻው፣ በመድኃኔዓለም ስደበኝ!»

ወንበሩን በእጁ ጠርጎ አቀረበልኝ።

«ምነው አፍህ ተለጎመ? ላስቲክ ቀዳጅ በለኝ እንጂ!»

«ተው እንግዲህ… እግዜር ያጽናህ።»

«ማን ነገረህ?»

ስልኩን አወጣ። ያው ፎቶ፣ ያው ሻማ።

«ከዚህ ሌላስ?»

«ሌላማ… ማንም አልነገረኝ» አለ፤ እሱም ደነገጠ።

ልጄ የሚሠራበት መኪና ባለቤት ይርጋ የይሻው ዘመድ ስለሆነ ደወለለትና ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ተስፋነህ? እህል እያወረደ ነው። ስልኩን ትናንት ገበያ ላይ ሰርቀውታል። ጠብቁ፣ ልጥራው።»

ጆንያ ሲወድቅ ብቻ ይሰማኛል። ይርጋም እንደ ሌሎቹ እየደበቀኝ ቢሆንስ?

በዚህ መሀል ሚስቴ ዝናሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን እየደቃች ደረሰች። ሰፈሩ ከኋላዋ ነው። ፎቶውን አሳይተዋታል።

«አባ?» አለ ስልኩ።

ዝናሽ ደጃፉ ላይ ተዘረረች። ጎረቤታችን አሰለፈች ግን «ዘንድሮ የሰው ድምፅም በኮምፒውተር ይሠራሉ አሉ» ብላ አንሾካሾከች። ስልኩን ከይሻው እጅ ነጠቅኩ።

«ተስፋነህ፣ አሁኑኑ ተሳፍረህ ና! በዓይኔ ልይህ!»

«አባ፣ ሊመሽ ነው እኮ። መንገዱን ያውቁታል፤ ትናንት እንኳ መኪና አስቁመው ሰው ወስደዋል። ና ካሉኝ ግን እመጣለሁ።»

ሰፈሩ ሁሉ አፍ አፌን ያያል። ዝናሽ እግሬን ይዛ «ይምጣ በለው፣ ልዳስሰው» ትላለች። እኔስ መዳሰሱን ጠልቼ ነው? ግን ድምፁ የልጄ ድምፅ ነው፤ እሱ ከሆነ ደግሞ በዚያ መንገድ የምሰደው እኔው ልሆን ነው።

«አትምጣ» አልኩት። «እዚያው እደር። ነገ መኪና ሲበዛ ትመጣለህ።»

«እሺ አባ» ብሎ ዘጋ።

ዝናሽ እግሬን ለቀቀች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ሞቶ ነው!» ብላ ጮኸች። «ሞቶ ነው፤ እስኪነጋ ልትደብቀኝ ነው!»

ሴቶቹም አብረዋት ጮኹ።