የኤልፋስ ተረከዝ

ኤልፋስ ምኪዜን የሰደበው የዘፈን ቡድናቸው መሪ ኢኖክ ዙንጉ ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ወሩ ሐምሌ፣ ሰዓቱ ከምሳ በፊት፣ ቦታው ጆሃንስበርግ፣ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ የድምፅ መቅጃ ክፍል። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሞላው፤ ስድቡ ግን ኤልፋስን ዛሬም ምላሱ ላይ እንደ ሬት ይመረዋል።

«ይህን በሬ ከፊቴ አውጡልኝ!» ነበር ያለው ዙንጉ። «እግዜር ለሰው ሁሉ እግር ሲያድል ለዚህ ሰኮና ነው የደረሰው!»

ዘፋኞቹ ሳቁ። ከመስታወቱ ማዶ የተቀመጡት ነጮችም፣ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው፣ አብረው ሳቁ። ኤልፋስን ይበልጥ የሚያንገበግበው ይሄኛው ነው፤ ያልገባው ሰው ሳቅ።

የእነሱ ዜማ በእግር ጣት የሚዜም ዜማ ነው። አያቶቻቸው በማዕድን ማውጫው ሰፈር፣ ዘበኛ እንዳይሰማቸው፣ እንደ ድመት እየተራመዱ የጀመሩት ነው። እግር እስከ ደረት ይነሣል፤ ሲያርፍ ግን ላባ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በደርባን የሠራተኞች ማደሪያ አዳራሽ ሲወዳደሩ፣ ዳኛ የሚሆነው ከመንገድ ተለምኖ የገባ አላፊ አግዳሚ ነበር፤ ማንንም ስለማያውቅ ለማንም አያዳላም። ያ ሰው አንዲት ኮቴ ከሰማ አለቀላችሁ። በእነዚያ ዓመታት የኤልፋስ ኮቴ አንድም ቀን ተሰምታ አታውቅም። ወፍራም ድምፅ ካላቸው ዘፋኞች መሐል ቆሞ፣ ነጭ ጓንቱን አጥልቆ ሲወዛወዝ፣ ሴቶች ከመቀመጫቸው ተነሥተው መሐረብ አንገቱ ላይ ያስሩለት ነበር። ወይ ጊዜ!

ታዲያ ለካርቱን ፊልም ዝፈኑ ተብለው ሲጠሩ፣ ወንዟ ስለጠፋባት የጉማሬ ግልገል ነው ፊልሙ፣ ሁሉም ለውድድር እንደሚሄድ ሰው አጌጡ። ማይክሮፎን ዓይን ያለው ይመስል ጓንት አጠለቁ፤ ጫማ አስጠረጉ። ኤልፋስማ ከሁሉ ልብለጥ ብሎ ለጫማ ሰፊ ሰጥቶ ተረከዙን ብረት አስመታ። ጫማ ሰፊው ቸኩሎ ኖሮ አንዷን ምስማር ሳያጠብቃት ቀረ። በዜማው መደምደሚያ የዙንጉ እጅ ወረደች፤ የሌላው ሁሉ እግር እንደ ላባ አረፈ፤ የኤልፋስ ግን «ጧ!» አለች፤ ከኋላዋም ያቺ የላላች ምስማር «ቅጭል» አለች።

በሬውን አስወጡት። ጓንቱን እንዳጠለቀ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ዋለ። በሩ ወፍራም ስለነበር የጓደኞቹን ድምፅ እንኳ አላሳለፈለትም።

ከዚያ ወዲያ አልዘፈነም። ፊልሙንም አላየም። አገር ምድሩ በየሠርጉ፣ በየሚኒባሱ ሲዘፍነው እሱ ከሠርጉ ይወጣል፣ ከሚኒባሱ ይወርዳል። አረማመዱ ግን አብሮት ቀረ። እግሩን ሰብስቦ ከመራመዱ የተነሣ ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ኧረ ስትገባ ሳል! ሌባ ነው የመሰልከኝ!» ትለው ነበር።

ዘንድሮ የፊልሙ ሠላሳኛ ዓመት በደርባን የእጽዋት መናፈሻ፣ ከኩሬው ዳር ባለው ሜዳ ይከበራል ተባለ። ልጁ ቶኮዚሌ እንሂድ ስትለው እሺ ማለቱ አስደነገጣት። እሺ ያለው ማስታወቂያው ላይ የዙንጉን ስም ስላየ ነው። የሚነግረው ነገር አለው። ሰባኪው አንድ እሑድ ሲያነብ የሰማው ቃል ነው፤ ብቻውን ሲሆን ይለማመደዋል፦ «በሬ ካልከኝስ፣ ዙንጉ፣ መጽሐፉ የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር ይላል።» ይህን በሰው ፊት ሳይለው እንዳይሞት ነው ጭንቀቱ።

ሜዳው በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ሰዉ፣ ውስጡ ተቦርቡሮ ወጥ የተሞላ ዳቦ ይዞ፣ ተዘርግቷል። የትልልቅ ሰው እናቶች ሳይቀሩ የወረቀት የጉማሬ ጆሮ ራሳቸው ላይ ሰክተዋል።

«ባባ፣ ፊትህን ፍታው እንጂ» አለች ቶኮዚሌ። «ለቀብር የመጣህ ትመስላለህ።»

«ለቀብር ቢሆንማ ምግቡ በነፃ ነበር።»

«እማ ጎረቤት ቤት ወስዳ ፊልሙን ደብቃ እንደምታሳየን ታውቅ ነበር? ኮቴህ ስለማይሰማ እኮ በር ላይ ዘብ እናቆም ነበር!»

አላወቀም። እንዳወቀ ሰው ግን ራሱን ነቀነቀ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትልቁ የፊልም መጋረጃ በራ፤ ከበታቹ የተቀመጠው ኦርኬስትራ መጫወት ጀመረ። የዘፋኞቹ ድምፅ ግን ያኔ የተቀዳው ነው። ኤልፋስ አንድ በአንድ ለያቸው። ይኸው ምባታ! ከተቀበረ ስንት ዘመኑ፤ ጉሮሮው ግን ገና ጎረምሳ ነው። ይኸው ማዶንዶ፣ ሁሌ ከሰው ቀድሞ የሚገባው፣ ዛሬም ቀድሞ ገባ። ኤልፋስ ሳያስበው ደረቱ ውስጥ የራሱን ወፍራም ድምፅ ይጎትት ጀመር። ቶኮዚሌ ዞር ብላ ስታየው ሳል አስመሰለው።

አያት ጉማሬ ከደረቀው ጭቃ ስትነሣ ኦርኬስትራው ድንገት ጸጥ አለ። ሜዳው ሙሉ ሰው ብድግ አለ።

«ተነሥ ባባ! ደረሰ!»

«ምኑ?»

«እግሯን የምታነሣው! ዝናቡን የምትጠራበት!»

አያት ጉማሬ እግሯን ቀስ ብላ እስከ ደረቷ አነሣች። ሰዉም እንደሷ አነሣ። ከዚያ «ጧ!» አለ ድምፅ ማጉያው። ከኋላው፣ በጣም ቀጥና፣ «ቅጭል» አለች።

ወዲያው ሜዳው አንድ ላይ መሬቱን ረገጠ። ርግጫው በኤልፋስ ጉልበት በኩል ወደ ላይ ወጣ። መጋረጃው ላይ ዝናብ ወረደ፤ ሰው አለቀሰ፣ ሳቀ፣ ተቃቀፈ። እሱ ግን እግሩን አላነሣም። ያቺን ምስማር እንደ ገዛ ሳሉ ያውቃታል። ሰውየውን አስወጥተው የተረከዙን ድምፅ ፊልሙ ውስጥ አስቀርተውታል።

«እዚህ ላይ ነበር የጎረቤት ቤት ብርጭቆ ሁሉ የሚንጫጫው» አለች ቶኮዚሌ ዓይኗን እየጠረገች።

ፊልሙ እንዳለቀ አስተዋዋቂዋ ወጣት ዙንጉን ደግፋ መድረክ ላይ አወጣችው። ነጭ ጓንቱን አጥልቋል፤ ከዘራ ይዟል።

«ባባ ዙንጉ፣ ይህ ሕዝብ ሠላሳ ዓመት የጠየቀውን ልጠይቅዎት። ያቺ ርግጫ የማን እግር ናት?»

ዙንጉ ከዘራውን ተደግፎ ቀኝ እግሩን ትንሽ ብድግ አደረገ። «ይቺው ናታ! አርጅታለች እንጂ እሷው ናት!»

ሜዳው በእልልታ ተናጋ።

ኤልፋስ ሰው እየገፋ ሄደ፤ ቶኮዚሌ «የት ነው?» እያለች ተከተለችው። ከመድረኩ ጎን፣ በተነጠፈው ጣውላ ላይ፣ ዙንጉ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ላቡን በጓንቱ ይጠርጋል። ኤልፋስ አጠገቡ እስኪደርስ አልሰማውም።

«እህ! ማነህ? ምነው እንደ መንፈስ…» አለና ዓይኑን አጠበበ። «ካባዜላ?»

የኤልፋስ የጎሳ ስም ነው፣ የክብር መጠሪያው። እስከዚያች ማክሰኞ ድረስ ሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም ነበር።

«አለህ እንዴ፣ በሬው!» ዙንጉ ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። አስተዋዋቂዋ ማይክሮፎኗን ይዛ ስትመጣ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካባዜላ፣ እባክህ። ሰው ፊት አታዋርደኝ።»

«እኚህ አባት ማን ናቸው?» አለች ልጅቷ እየሳቀች። «ከቡድኑ ነበሩ እንዴ? አንድ ነገር ይበሉን እስቲ!»

ማይክሮፎኗ አፉ ሥር ደረሰች። ቃሉ ሙሉውን ምላሱ ጫፍ ላይ መጣለት። ዙንጉ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ኤልፋስም ወደዚያው አየ፤ የዙንጉ እግሮች አብጠው ጫማ አልገባላቸውም፤ ነጠላ ጫማ ነው ያጠለቁት፣ እሱም በጨርቅ የታሰረ። በዚህ እግር ነው ርግጫዋን የኔ ናት ያለው።

ይቅር አላለውም። የሚልም አይመስለውም።

«ባባ፣ ጠይቃሃለች እኮ!» አለች ቶኮዚሌ።

ኤልፋስ ዞረ። ጣውላው ላይ ተረከዙን ሙሉ ለሙሉ እየጣለ፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ እያደረገ፣ ወደ በሩ ሄደ።