ማረሻን ያዳነ ሰው

«ከምነግራችሁ ውስጥ ቅንጣት ውሸት ካለበት ይህ ቢራ ጉሮሮዬ ላይ ይቅር!» አለ ኖሪስ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ።

ዊልፍ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሲያስተዳድረው የኖረው፣ እንግሊዝ ላንክሻየር ያለው ማረሻ መጠጥ ቤት በለቀስተኛ ጢም ብሏል። እንዲህ የሞላው ድሮ፣ የጨርቅ ፋብሪካው ሳይዘጋ፣ ሠራተኛው የጥጥ ብናኙን በቢራ ሊያጥብ ሲጎርፍ ነበር። ኋላ ሰዉ ከሱፐርማርኬት ርካሽ ቢራ እየገዛ ቤቱ ከተተ፤ ማረሻም ለአራት ዶሚኖ ተጫዋቾች ቀረ።

የዊልፍ ሚስት ኢኒድ ሳንድዊች ታዞራለች። ቤቱን ያከራየው ቢራ ፋብሪካ ደብዳቤ ልኮባታል፤ ቤቱን ዘግታ ቁልፉን የምታስረክብ ከሆነ ነገ ፈርማ ትመልሳለች። ኖሪስ ደግሞ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከዚህ ሌላ ደጅ የለውም። ኢኒድ እንድትሰማ ድምፁን ጎላ አደረገ።

«የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የቢራ ፋብሪካው ሰዎች ሊዘጉን መጡ። በስድስት የጭነት መኪና!»

«ባለፈው አራት ነው ያልከው» አለ የዶሚኖ ጓደኛው ሲረል።

«ሁለቱ ጥግ ይዘው ነበራ! አንተ መነጽርህን መቼ አድርገህ ታውቃለህ? ዊልፍ ደጃፉ ላይ ተጋደመ። ‹በሬሳዬ ላይ ተራምዳችሁ ግቡ!› አለ። ሦስት ቀን! የላንክሻየር ዝናብ እየወረደበት! እኔ በመስኮት ሾርባ ፉት ሳሰኘው። በአራተኛው ቀን አለቃቸው አልቅሶ ሄደ።»

ለቀስተኛው ሳቀ። አንዲት አሮጊት ዓይናቸውን ጠረጉ። የኖሪስ ደረት ተነፋ።

«ማንም አልመጣም» አለች ኢኒድ ቀስ ብላ።

ሰሃኑን እንደያዘች ወደ ኖሪስ ዞረች።

«ያኔም የመጣው ደብዳቤ ነው። ዊልፍ ‹ይዘጋ› ብሎ ፈረመበት። ደክሞት ነበር።»

«ፈረመ?» አለ ኖሪስ።

«አዎ። ፖስታ ቤት ሊያደርሰው ሲወጣ እናንተ ‹ጠረጴዛው እየተወዛወዘ ዶሚኖው ፈረሰብን› ብላችሁ ጮኻችሁበት። ደብዳቤውን አጣጥፎ የጠረጴዛው እግር ሥር ወሸቀው።»

ሲረል ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ አየ። «ዛሬም አለ» አለ።

«እ… ረስቶት ነው?» የኖሪስ ድምፅ አነሰ።

«በየሳምንቱ ወለሉን ሲጠርግ ወረቀቱን ያነሳና መልሶ ይወሽቀው ነበር።» ኢኒድ ሰሃኑን አስቀመጠች። «ለነገውም ደብዳቤ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ፈልጉለት።»

ወደ ባንኮኒው ዞራ፣ ዊልፍ ካረፈ ወዲህ ማንም ያልነካውን የጥቁር ቢራ መቅጃ እጀታ ሳበች። ቱቦ ውስጥ የቆየው የመጀመሪያው ብርጭቆ ይደፋል፤ ደንቡ ነው። ዊልፍ ግን «ቢራ መድፋት ነውር ነው» እያለ ራሱ ይጠጣው ነበር። ኢኒድ ፊቷን አጨማዳ እስከ ጭላጩ ጨለጠችው። አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገችና፣

«ለማን ልቅዳ? ተራው የማን ነው?» አለች።