ሦስት በር

ዘምዘም ይቅርታ እንድትጠይቅ የተወሰነባት ናፊያ በተቀበረች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ውሳኔው አጭር ነበር፤ የሠርግና የቀብር ማኅበራቸው በሆነው በአፎቻው ሴቶች ፊት ቆማ «አጥፍቻለሁ» ትላለች፣ ካላለች ስሟ ይሰረዛል። በጀጎል ግንብ ውስጥ ከአፎቻ የተሰረዘ ሰው ሠርጉ ጭር ይላል፤ ሲሞትም አጣቢና አስተዛዛኝ ከሩቅ ይለመንለታል። ዘምዘም ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ ሞቷል፣ ሁለት ልጆቿ ጅዳ ናቸው። መሰረዝ ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም ነበር።

ጥፋቷን የማያውቅ አልነበረም። እሷና ናፊያ በአንድ ግቢ አድገው፣ የስፌት ሥራ ከአንድ ሴትዮ ተምረው፣ ገና ልጃገረድ ሳሉ «ቀድማ የሞተችውን የቀረችው ታጥባለች» ተባብለው ነበር። ናፊያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሞተች። ልጇ ሐዋ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ በአፎቻው የስልክ ግሩፕ ጻፈችው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከመልእክቱ ሥር የዘምዘም ስም ብቅ አለ፤ ከስሟ ጋር አንዲት ቃል፦ «አሚን።» ከዚያ በኋላ ግን ዘምዘም አልመጣችም። ጀናዛዋን እስከ አምስት ሰዓት አቆዩላት። በመጨረሻ ሌሎች ሴቶች አጠቡ።

በዚያ ሰዓት ዘምዘም ጊደር መጋላ ገበያ ተቀምጣ እርድ እየሰፈረች ነበር። ሞቱን የሰማችው ሰባት ሰዓት ሲሆን ነው። ከጎኗ እህል የሚሸጠው፣ ያን ጠዋት ገበያ ያልወጣው ዑመር ከቀብር ተመልሶ የጫማውን አፈር እያራገፈ፣ «አንቺ እዚህ ነሽ እንዴ?» አላት።

ስብሰባው ዋፊቃ ቤት ነበር። ዋፊቃ የአፎቻው ሰብሳቢ ነች፤ ሠላሳ ዓመት አስተምራ ጡረታ ወጥታለች። ግሩፑን ያቋቋመችውም እሷ ነች። ከዚያ በፊት የአፎቻው ልማድ ሦስት በር ነበር። ሞት የሰማች ሴት ሻሿን ጣል አድርጋ ወጥታ ሦስት በር ታንኳኳለች፤ የተንኳኳባቸውም እያንዳንዳቸው ሌላ ሦስት በር ያንኳኳሉ። ዋፊቃ ይህን «የእግር ዘመን» ብላ አስቀረችው። ወሬ በሁለት መንገድ ሲሄድ ይጣረሳል፣ ስለዚህ ማንም በር እንዳያንኳኳ ተብሎም ተወሰነ። ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል።

ሴቶቹ ከላይኛው ነደባ እስከ ታችኛው መደቡን ሞልተው ተቀምጠዋል። ሐዋ በሩ አጠገብ ታች ነበረች። ዘምዘምን ቀና ብላ አላየቻትም።

«ተነሽ እስቲ ዘምዘም» አለች ዋፊቃ። «አንዲት ቃል ነች። አላህ መሐሪ ነው፣ እኛም አንጨክንም።»

ዘምዘም ተነሳች።

«ሐዋን ይቅርታ እለምናታለሁ። ናፊያንም፣ ያለችበት ድረስ የሚሰማ ከሆነ፣ እለምናታለሁ። እናንተን ግን አልለምንም።»

ቤቱ አጉረመረመ። ዘቢባ የምትባለው አሮጊት ከላይኛው ነደባ ሆና፣ «ወላሂ ዛሬስ ቴሌቪዥን መክፈት አያስፈልገኝም» አለች።

ዋፊቃ አልሳቀችም። «መልእክቱ አልደረሰኝም ልትዪ ነው? ስምሽ እኮ አለ። አሚን ብለሻል።»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሳላነብ ነው ያልኩት።»

«ሞት ሳይነበብ አሚን ይባላል?»

«እኔ ብዬዋለሁ። ስልክሽን አውጪና ያን ጠዋት ከሱብሂ ሶላት ጀምረሽ አንብቢልን። ጮክ ብለሽ፣ እንደ ድሮሽ። ናፊያ ጋ እስክትደርሺ።»

ዋፊቃ ማንበብ የምትፈራ ሴት አልነበረችም። መነጽሯን አደረገች፣ ስልኳን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘወር አደረገችና ጀመረች።

መጀመሪያ አበባ ነበር፣ «መልካም ጠዋት» የተጻፈበት። ቀጥሎ ሌላ አበባ። ቀጥሎ ዱዓ፤ ለሃያ ሰው ያላስተላለፈ ይጸጸታል ይላል። ዘጠኝ አሚን። ቶሮንቶ ያለች የአንዷ እህት በረዶ ስትዝቅ የሚያሳይ ቪዲዮ። የድሬዳዋ መንገድ ተዘግቷል። አልተዘጋም። ተዘግቷል፣ ፎቶውም ይኸው። ፎቶው የዐምና ነው። ዱባ ለስኳር በሽታ። ዱባ ለስኳር በሽታ አይሆንም፣ ሐኪም ተናገረ። ሌላ ዱዓ። አሥራ አንድ አሚን።

ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ የላከችዋን በክርን እየጎሸሙ፣ «ያንቺ ዱባ ነው! ያንቺ!» ተባባሉ። አርባኛው ላይ ሳቁ ቀነሰ። ሰባኛው ላይ አንዷ አዛጋች፣ ሌላዋ ስፌቷን ከቦርሳዋ አወጣች። የዋፊቃ ድምፅ መሻከር ጀመረ።

«እነዚህ አሚኖች ያው ናቸው፣ ልዝለላቸው።»

«አትዝለይ» አለች ዘምዘም እንደቆመች። «እኔ ስዘል ነው ናፊያ ያመለጠችኝ።»

ዋፊቃ ውሃ ጠጣችና ቀጠለች። የሙሽራ ቀሚስ ፎቶ መጣ፤ ማሻ አላህ፣ ማሻ አላህ፣ ስንት ገዛሽው፣ ማሻ አላህ። ቀይ ሽንኩርት ተወደደ። የሞተ መስሎ የሚተኛ ድመት። ሌላ ዱዓ።

«ያ ረቢ!» አለች ዘቢባ። «ይህን ሁሉ እኛው ነን በአንድ ጠዋት ያልነው?»

መቶ አርባ ሰባተኛው ላይ ዋፊቃ ቆመች። ከዚያ ዝግ ብላ አነበበችው። «እናቴ ናፊያ ዛሬ ጠዋት ወደ አኺራ ሄዳለች። ጀናዛዋ ቤት ነው። ኑልኝ።»

ሐዋ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች።

«ከሥሩስ?» አለች ዘምዘም።

«ከሥሩ ያንቺ አሚን ነው።»

«ከኔ ቀጥሎስ?»

ዋፊቃ መነጽሯን አወለቀች። ሐዋ ከታች የራሷን ስልክ ከፈተች። «እኔ ላንብበው» አለች። «እማ ዘምዘም፣ አሚን። እማ ዘቢባ፣ የሚስቅ ፊት። እማ ዋፊቃ… ‹ማሻ አላህ፣ ቀሚሱ ያምራል።›»

ዘቢባ አፏን በእጇ ያዘች።

«ከላይ ለነበረው ቀሚስ ነው የመለስኩት» አለች ዋፊቃ። ጆሮዋ ቀልቶ ነበር። «ለሞቱ አይደለም። ማንም ያውቀዋል።»

«እኔም ለዱዓው ነው አሚን ያልኩት» አለች ዘምዘም። «ደግሞስ አንቺ ለቀብሩ ደርሰሻል። በምን ሰማሽ?»

«ጎረቤቴ…»

«በስልክ?»

«በር አንኳኩታ» አለች ዋፊቃ፣ ከመጀመሪያው ባነሰ ድምፅ።

ዘምዘም ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እርድ ያቀለመውን አውራ ጣቷን ዘርግታ አሳየቻቸው። «በዚህ ጣት በቀን ስልሳ ጊዜ አሚን እላለሁ። ዝም ካልኩ ኮራች ትላላችሁ። ሁሉን ላንብብ ካልኩ ገበያዬ ይቀራል። አሚን ግን ልብ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ በቀን ስልሳ ልብ የለኝም። አንድ ነው ያለኝ፣ እሱንም ድመትና ዱባ ላይ ጨርሼው ናፊያ ስትመጣ ባዶ ሆኖ አገኘችው።» ስልኳን አወጣች፣ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገችው። ዋፊቃ እጅ ላይ ባለው ስልክ አዲስ መስመር ወጣ፤ ዘምዘም ከግሩፑ ወጥታለች ይላል።

«ከዚህ ነው የወጣሁት እንጂ ከአፎቻው አልወጣሁም። መሰረዝ የሚፈልግ ይሰርዘኝ። ሞት ስሰማ ሦስት በር አንኳኳለሁ። ተከልክሏል፣ አውቃለሁ። አንኳኳለሁ።»

«የኔን ጠንከር አድርጊው» አለች ዘቢባ። «ጆሮዬ ደክሟል።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ዋፊቃ የአፎቻውን የስም መዝገብ ከፍታ ብዙ ጊዜ አየችው፣ ሳትጽፍበትም ዘጋችው።

ዘምዘም ሐዋን የደረሰችባት ቁልቁል በሚወስደው ጠባብ መንገድ፣ ግንቡ ጥግ ነው።

«ሐዋ፣ ልጄ…»

«እስከ አምስት ሰዓት በሩን ሳይ ነበር» አለች ሐዋ ሳትዞር። «አሚን ስላሉ መንገድ ላይ ነዎት ብዬ ሰው አልላክሁም። ሴቶቹ ‹ውሃው ቀዘቀዘ› ሲሉኝ እንደገና አሙቁት አልኳቸው። ሁለት ጊዜ።»

ዘምዘም ግንቡን ተደግፋ ቆመች።

«ዛሬ ይቅር አልልዎትም።»

«አትበይ» አለች ዘምዘም። «ቶሎ የሚባል ነገር ጠግቤያለሁ።»

ስሟ አልተሰረዘም፤ አፎቻውንም ይቅርታ አልጠየቀችም። የሚከተሉት ሳምንታት ግን ቀላል አልነበሩም። ለአንድ ሠርግ የሚሰፋውን ልብስ ቀለም ሳትሰማ ቀርታ ብቻዋን በአሮጌ ቀሚስ ሄደች። ሴቶች ገበያ ሲያገኟት፣ «ውይ፣ አልሰማሽም ለካ!» ይሏታል፣ ግማሾቹ አዝነው፣ ግማሾቹ ሆን ብለው። እሷም፣ «አሁን ነገርሽኝ አይደል» ትልና ቅመሟን ትሰፍራለች። ጠዋት ጠዋት እጇ በልማድ ወደ ቦርሳዋ ይሄዳል፤ መልሳ ማንኪያው ላይ ታሳርፈዋለች።

አንድ ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሐዋ በቅመም ሻጮቹ መካከል እየተጋፋች መጣች። ሮጣ ስለነበር ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወርዷል።

«የእማ ዋፊቃ አማት አረፉ።»

ዘምዘም ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች፣ እያንዳንዱን ቃል ለይታ። ከዚያም፣ «ግሩፑ ላይ ተጽፏል?» አለቻት።

«ተጽፏል። በእግርሽ ሄደሽ ንገሪ ብላ የላከችኝ ግን ራሷ እማ ዋፊቃ ነች። እርስዎም ለማጠቡ ይምጡ ብላለች።»

ዘምዘም ልጅቷን አየቻት። የናፊያ ግንባር ነው፣ ስትቆጣ የሚጠበው።

«ሐዋ፣ ይቅር አልሽኝ?»

«አላልኩም» አለች ሐዋ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «እርስዎ ሦስተኛዬ ነዎት። የእርስዎ ሦስት ገና አልተነካም። ይሂዱ እንጂ!»

ዘምዘም ቅመሙን ለዑመር አደራ ብላ ተነሳች። የመጀመሪያው በር የዘቢባ ነበር፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የእንጨት በር። እጇን ለመታጠብ አልቆመችም። በመዳፏ ሙሉ መታችው፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ እርዱ እንጨቱ ላይ እስኪታተም፤ ከውስጥ፣ «መጣሁ፣ መጣሁ! በሩን ልትሰብሪው ነው?» እስኪባልና መቀርቀሪያው ሲሳብ እስክትሰማ ድረስ።