ቀለበት ያላደረገ ላጤ ነው

ሕጉን ያወጣው ፎርማኑ ነው። በልብስ ስፌት ፋብሪካው ጓሮ እሁድ እሁድ ባለትዳሮችና ላጤዎች ኳስ ሲገጥሙ፣ ሚስት ያለው ሁሉ ቀለበቱን አድርጎ ይጫወታል። ያወለቀ እንደ ላጤ ተቆጥሮ ወደዚያኛው ቡድን ይሻገራል፤ ሳምንቱን ሙሉም መቀለጃ ይሆናል። ፎርማኑ ይህን ሲናገር ሆዱን ይዞ ነው የሚስቀው። አለቃ ሲስቅ ደግሞ የማይስቅ ሠራተኛ የለም።

የቆራጩ ሚስት ግን አትስቅም። እሷ እዚያው ፋብሪካ ኮሌታ ትሰፋለች፤ ባሏ ጨርቅ ይቆርጣል፣ እሁድ ደግሞ የባለትዳሮቹ በረኛ ነው። አንድ እሁድ ጠዋት ከጎሉ ጀርባ ቆማ ሳለ መረቡ የተንጠለጠለበትን ሚስማር አየችው። ጫፉ ከአግዳሚው እንጨት ወጥቶ ወደ ላይ ተቆልምሟል።

"ስማ፣ ቀለበትህን አውልቅና ስጠኝ" አለችው። "ስትዘል ይሄ ሚስማር ይይዝሃል።"

ባሏ ቀና ብሎ አየና እውነቷን እንደሆነ ገባው። ቀለበቱን እስከ አንጓው ድረስ ስቦት ነበር። ይሄኔ ፎርማኑ ከመሃል ሜዳ ጮኸ።

"ኧረ ጉድ ነው! በረኛችንን የገዛ ሚስቱ ልትፈታው ነው!"

ሜዳው በሳቅ ተናጋ።

"ጋሼ፣ ይሄን ሚስማር እዩት እንጂ! መዶሻ አምጥተው ይምቱት" አለች በጣቷ እያሳየች።

"ከጨዋታው በኋላ ይመታል፣ እህቴ። አንቺ ኮሌታሽን ስፊ።"

ባሏ በእፍረት ተሸማቀቀ። ቀለበቱን ወደ ቦታው መለሰና "ተይ በቃ፣ አታዋርጂኝ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ያቺ ቃል አንጀቷን አሳረረችው። ሚስማሩን በዓይኑ እያየ፣ ሰው እንዳይስቅበት ብሎ ዝም የሚል ወንድ! ከፎርማኑ ይልቅ በእሱ ተናደደች።

ከእረፍት በፊት አንድ ላጤ ከሩቅ አክርሮ መታ። በረኛው ዘሎ ኳሷን በጣቶቹ ጫፍ ከአግዳሚው በላይ አወጣት። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። ወደ መሬት ሲመለስ ግን ቀለበቱ ሚስማሩ ላይ ቀረ፤ ክብደቱ በሙሉ በአንድ ጣት ተንጠለጠለ። ከዚያ ወደቀ። እንዲያ ሲጮህ ሰምታው አታውቅም።

ሆስፒታሉ ከመንገዱ ማዶ ነበር። እጁን በራሱ ማልያ ጠቅልላ፣ አዝላው ማለት ይቻላል፣ አሻገረችው። "እናንተ ቅደሙ፣ እኛም እንከተላለን" አሏት ተጫዋቾቹ ከኋላዋ።

ሐኪሟ አይታ ራሷን ነቀነቀች። ቆዳው ከነሥጋው ተገፍፏል፣ ደም ሥሮቹም ተበጥሰዋል፤ ጣቱ አይተርፍም።

"ዶክተር፣ እባክሽን፣ በግራ እጁ ነው ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘው። እንጀራው ነው።"

"ቀለበቱን አውልቆት ቢሆን ኖሮ ሚስማሩ እጁን ቢጭረው ነው" አለች ሐኪሟ። ልትወቅሳት አልነበረም፤ ግን ወጋት።

ነርሷ የባሏን መታወቂያ አምጪ አለቻት። ቦርሳው ሜዳ ቀርቷል። የፋብሪካውን በር እንዳለፈች ፊሽካ ሰማች፤ መጀመሪያ ጆሮዋን ማመን አቃታት። እየተጫወቱ ነበር! ጎሉ ላይ ፎርማኑ ራሱ ቆሟል፣ ቀለበቱን እንዳደረገ። ሚስማሩም እዚያው ከራሱ በላይ ነው።

ሜዳውን በመሃል ሰንጥቃ ሄደች። "ዞር በይ!" አላት አንዱ። አልዞረችም።

"እ... እንዴት ሆነ? ተሻለው?" አለ ፎርማኑ። "ልጆቹ እንጨርሰው ብለው ነው እንጂ... ምን ታደርጊዋለሽ፣ እንግዲህ የመጣ ነገር ነው። አደጋ አይታወቅም።"

"ይታወቅ ነበር!" ጋሼነቱም አንቱታውም ከአፏ ጠፋ። "ጠዋት ነግሬሃለሁ። በጣቴ አሳይቼሃለሁ። አንተ ሳቅክ!"

"ኧረ ተረጋጊ..."

"አልረጋጋም! ጣቱን ሊቆርጡት ነው። እስቲ ሕግህን ንገረኝ፤ ከእንግዲህ ቀለበት የሚያደርግበት ጣት የለውም። ለማን ይጫወት? ለላጤዎቹ?"

አንዱ ባለትዳር እጁን ከኋላው ደበቀ። ፎርማኑ ቀና ብሎ ሚስማሩን አየው፤ ከዚያ ቀለበቱን ለማውለቅ ይጎትት ጀመር። አልወጣ አለው። ጣቱ ከዓመታት ውፍረት ጋር ቀለበቱን ውጦታል። አሽከረከረው፣ ምራቁን ቀባው፣ ደግሞ ጎተተው፤ ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

"ሳሙና አምጡልኝ" አለ።

ሳሙናውን ለማምጣት የሚሮጡትን አልጠበቀችም። ንዴቷም ቅንጣት አልበረደላትም። የባሏን ቦርሳ አንስታ ወጣች። ከማደንዘዣው ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው ግራ እጁን ነው፤ እሷ ከዚያ በፊት አጠገቡ መድረስ አለባት።